የአምባሰል ማር የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስትቀባበሉት የዋላችሁት የወይን ጨረታ ወሬ የቆየ ነው፤ ግን እንኳን አነሳችሁት። የ1945 ምርት የሆነ አንድ የሮማኔ ኮንቲ ጠርሙስ በ2018 ኒውዮርክ ላይ በ558 ሺህ ዶላር ተሸጠ (የፈረንሳዮቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። አብዛኞቻችሁ «እብደት ነው» ብላችሁ አልፋችሁታል። እኔን ያስቀናኝ ግን ዋጋው አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው። እርሻው በስሙ፣ ምርቱ በዓመቱ ተጽፏል። በዚያ ዓመት የወጣው 600 ጠርሙስ ብቻ እንደነበረና አሮጌው የወይን ተክል ወዲያው ተነቅሎ በአዲስ እንደተተካ ሳይቀር ይታወቃል። አሁን ደግሞ ከአምባሰሏ ውጫሌ ተጭኖ ደሴ የገባ አንድ ባልዲ ማር ክፈቱና ጠይቁ። ከየትኛው ቀበሌ ነው? ከደጋው ነው ከቆላው? የዘንድሮ ነው የአምና? «የአምባሰል ነው» ከሚለው ሌላ መልስ የለም። የአምባሰል ማር ዝና ከአባት ወደ ልጅ በአፍ የመጣ ነው፤ ያልተጻፈ ዝና ደግሞ ማንም አንስቶ ይለብሰዋል።

የሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር፣ የቦርዶም ዝና ከሰማይ አልወረደም። ናፖሊዮን ሦስተኛ ለ1855ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን የወይን እርሻዎቹ በደረጃ እንዲቀመጡ ሲጠይቅ፣ የወይን ደላሎቹ ተሰብስበው ሲቀምሱ አልከረሙም። የእያንዳንዱ እርሻ ወይን ለብዙ ዓመታት ስንት እንዳወጣ መዝገብ አገላብጠው ነው በአምስት ደረጃ የደረደሩት። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛ ወጡ፤ ሙቶን አንደኛ ለመባል እስከ 1973 መጠበቅ ነበረበት። ከዚህ በቀር ደረጃው እምብዛም አልተነካም። ይሁን እንጂ ደረጃ ማንንም አይሸሽግም፤ የየዓመቱ ጠርሙስ ያጋልጣል። በ1961 ቀይ ወይናቸው በአበባው ወራት ብርድ መትቶት ምርቱ ጥቂት ነበር፤ የተረፈው ፍሬ ግን ደረቅ በጋ አገኘና የዚያ ዓመት ላቱር እስከ ዛሬ ይወራለታል። ላቱር ሰማዩ በከፋበት ዓመት እንኳ ደህና ወይን በማውጣት የታወቀ ነው። ማርጎ ግን ያው መሬት፣ ያው አንደኛ ደረጃ እያለው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ወረደ። በ1977 አንድሬ ሜንትዘሎፑሎስ ገዛውና ከ1978 ምርት ጀምሮ እንደገና ቀና። መሬቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ያዡ ነው። ቀማሾች ይህን ሊያውቁ የቻሉት የሁለቱን ቤቶች አሮጌ ጠርሙሶች ዓመት ከዓመት ጎን ለጎን ከፍተው ስለቀመሱ ነው። የአምባሰል ማር ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ወርዶ ይሁን ወጥቶ፣ የሚመሰክር አንድ ማሰሮ እንኳ ማን ጋ አለ?

ሌላም ነገር አለ። ድሮ የቦርዶ ወይን በበርሜል ወጥቶ ከተማ ላሉ ነጋዴዎች ይሰጥ ነበር፤ ጠርሙስ ውስጥ የሚያስገቡት እነሱ ነበሩ። በመሐል ከደቡብ የመጣ ብርቱ ወይን እየተቀላቀለበት ጉልበት እንዲያገኝ ይደረግ እንደነበር የታወቀ ነው። የሙቶኑ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ በ1924 «ምርቴን በሙሉ እዚሁ እርሻዬ ላይ አሽጌ አወጣለሁ» ብሎ ተነሳ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አምባሰል ዛሬ ያለችው ከ1924 በፊት ነው። ማሩ ከባለ ቀፎው ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሲሄድ የደጋውና የቆላው፣ የአምናውና የዘንድሮው አንድ ጀሪካን ውስጥ ይገናኛል። አዲስ አበባ ሲደርስ ስሙ ብቻ ነው የአምባሰል።

የራሳችንን ዓመታት ደግሞ አስቡ (አሁን በእኛው አቆጣጠር)። በ2013 መግቢያ አንበጣው የወሎን ቆላ ሲያራግፍ ንቡ ምን ቀሰመ? በ2014 ጥቅምት፣ ልክ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን፣ የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ደረሰ። ባለቤቱ ተሰዶ ሳይቆረጥ የከረመ ቀፎ ማሩ ምን ምን ይል ነበር? 1945 ለፈረንሳዮቹም ጦርነት ያበቃበት ዓመት ነው፤ እነሱ ያንን ዓመት ዛሬም በጠርሙስ ይዘውታል። የእኛ 2014 ተበልቶ አለቀ፤ ከሌላ ዓመት ጋር ተደባልቆ፣ ስም ሳይኖረው።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። «የረጋ ማር ስኳር አለበት» የሚለውን ፍርድ ማን ነው ያወጀው? ማር ይረጋል። የማር ተፈጥሮው ነው፤ ግሉኮስ የበዛበት ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶስ የበዛበት ይቆያል፣ ብርድ ደግሞ ያፋጥነዋል። ደጋ ላይ ተቆርጦ ኅዳርና ታኅሣሥን ያለፈ ንጹሕ ማር ቢረጋ ምን ይገርማል? ክብሪት ይለኩሱበታል፣ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡታል፣ አመድ ላይ ያፈሱታል፤ እነዚህ ቢበዛ እርጥበቱን ይነግሯችሁ ይሆናል እንጂ ስኳሩን አይለዩም። ጉዳቱ ደግሞ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ገዢ የረጋውን አልፈልግም ስላለ ሻጩ እሳት ላይ ይጥደዋል፤ የአበባው ሽታ ይተናል፣ ኤችኤምኤፍ የሚሉት ሙቀትና ዕድሜ የሚያመጡት ነገር ያሻቅባል። ዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ለሞቃት አገር ማር 80 ድረስ ነው የሚፈቅደው። ገዢው ንጹሑን ማር ጠርጥሮ የተበላሸውን አመስግኖ ይወስዳል፤ ስኳር የሚቀላቅለው ደግሞ ማሩ እስካልረጋ ድረስ በሰላም ይሸጣል! ይህን እያነበባችሁ ማር የጣዳችሁ ካላችሁ በእናታችሁ አውርዱት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «ማር ወይን አይደለም፣ ቢቀመጥ አይሻሻልም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ አሁን እንዳልኩት ዕድሜ ማርን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። የፈረንሳይም ወይን አብዛኛው በልጅነቱ የሚጠጣ ነው። እኔ ማር ይቀበር አላልኩም። ዓመቱ ይጻፍ፣ ከየቀበሌው ጥቂት ማሰሮ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ የሚቀጥለው ዓመት ማር ሲመጣ ይነጻጸር ነው የምለው። ዝናቡ ቀድሞ የወጣበት ዓመትና አደይ አበባው የቆየበት ዓመት ልዩነታቸው የሚታወቀው እንዲያ ነው።

«ወሎ ላይ ስለ ወይንና ስለ ጠጅ ምን አገባን» የሚለውም ወዳጄ ቅር አይበለው። ከዚያው ማር አንዱ ቤት ጠጅ፣ ሌላው ቤት ብርዝ ይወጣል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚካፈለው ነው፤ ይህ የማንም ስካር ጉዳይ አይደለም። «የፈረንጅ ልማድ ነው» የምትሉኝን ግን በዋዛ አልለቃችሁም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድረስ ሂዱ። ሊቃውንት በፈረንጆቹ 1280 ወይም 1281 ተጻፈ የሚሉት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዞ ቆይቷል። የቦርዶ ደላሎች ደረጃ ከማውጣታቸው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ያለውን ቆጥሮ የጻፈ አገር የማር ክዳን ላይ ሦስት ቃል መጻፍ እንዴት ባዕድ ይሆንበታል?

ከሁሉም የሚከብደው መልስ የባለ ቀፎው ነው። ሁለት ሦስት ባህላዊ ቀፎ ላለው ሰው «ለይተህ አሽግ፣ ጻፍ» ማለት ሥራ መጨመር ነው፤ ነጋዴውም ስለጻፈ ሳንቲም አይጨምርለትም። እውነት ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ መጀመሪያ የሚያርፈው ገዢው ላይ ነው። ዓመትና ቀበሌ የተጻፈበትን ማር አስበልጠን ካልገዛን ማንም አይጽፍም። በበኩሌ ከእንግዲህ ያልተጻፈበትን «የአምባሰል» ብዬ አልጠራውም፤ ማር ነው፣ በቃ።

የላስታ ልጆች፣ ንቦቹ ሳይቀሩ ለንጉሣችን ለላሊበላ መሰከሩለት እያላችሁ ስንት ዘመን አስቀናችሁን። ነጩን ማራችሁን ዓመቱን ጽፋችሁ አምጡ፤ የእኛም ተጽፎ ይጠብቃችኋል፤ ጎን ለጎን እንቀምሳለን።