ወፍና ማሽላ፦ የቆቦ ማስታወሻ

መስከረም 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

የትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ መምህር ካሰባሰቡት የወፍ ተመልካቾችና የተፈጥሮ ጠባቂዎች ቡድን ዛሬ ገባሁ። አብዛኞቹ አባላት ተማሪዎች ናቸው፤ አንዲት ነርስ፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛም አሉበት። መዋጮ የለም። ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መገኘት፣ ያዩትን መጻፍ፣ ያላዩትን አለመጻፍ፤ ደንቡ ይኸው ነው። ንብረታችን አንድ ባይናኩላርና «የአፍሪካ ቀንድ ወፎች» የተባለው የሬድማን፣ የስቲቨንሰንና የፋንሾው መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ በእጅ ብዛት ሳስተዋል።

ጎሊና ወንዝ ዳር አንድ ያረጀ ሾላ ሥር ቆምን። ግንዱ ላይ ያለው ሽንቁር በጭቃ ተደፍኖ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች። ብዙም ሳንጠብቅ ምንቃሩ ቀይና ቆልማማ የሆነ ወፍ መጣና በስንጥቋ ፌንጣ አቀበለ፤ ከውስጥ የሌላ ምንቃር ጫፍ ብቅ ብሎ ተቀበለው። ሴቷ እንቁላሏን ለመታቀፍ ስትገባ በሩን የምትደፍነው ራሷ ናት፤ ጫጩቶቹ ጠንከር እስኪሉ ቀለቧን የሚያመላልሰው ወንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሽንቁር የሚገኘው ደግሞ ባረጀ ዛፍ ላይ ነው። ባለፈው ሐምሌ 22 አገር ምድሩ ችግኝ ሲተክል ዋለ፤ እሰየው ነው። የዛሬው ችግኝ ግን ለዚች ወፍ ቤት እስኪሆን ዕድሜ ይፈጃልና አሮጌውን ሾላም አደራ ማለት አለብን።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው መንገድ ወጣን። ማሽላው ወተት ይዟል፤ ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል። ግሪሳ የሚወርደውም ይኼኔ ነው።

ማማ ላይ የቆሙ እናት ወንጭፋቸውን አሹረው ለቀቁ። መንጋው ከማሳው ተነሥቶ ሰማዩ ላይ አንዴ ዞረና ከጎረቤት ማሳ ወረደ፤ እዚያም ሌላ ወንጭፍ ጮኸ። ሰላምታ ሰጥተን የመጣንበትን ስንነግራቸው፣ «እናንተ ወፍ ፍለጋ ትዞራላችሁ ልጆቼ፤ እኛን ራሱ ፈልጎ ይመጣል» አሉን።

ጠይቀናቸው መልስ ያጡለት ነገር አልነበረም። የጠዋቱ መንጋ ፀሐይ ሳትበረታ ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ግራር ውስጥ ገብቶ ያርፋል፤ ዐሥር ሰዓት ሲል ይመለሳል። ጭልፊት ካለፈ ጫጫታው በአንዴ ጸጥ ይላል፤ እሳቸውም ያኔ እጃቸውን ያሳርፋሉ። ሁለት ሁለት ሆኖ የማሳውን ዳር የሚለቅመውን ወፍ ከግሪሳ ለይተው ያውቁታል፤ «እሱ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ይኼኛው ዘራፊ» አሉን። መምህሩ ደብተራቸውን አውጥተው እንደ ተማሪ ይጽፉ ነበር። እኔም ቡድናችን ስለዚህ ምድር ወፎች ማወቅ የሚፈልገው ነገር ግማሹ ማማ ላይ እንዳለ የገባኝ ዛሬ ነው።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

አንድ እረኛ በወንጭፍ የተመታ ግሪሳ አምጥቶ ሰጠን። መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ያለም አይመስልም፤ ክብደቱ ሃያ ግራም ገደማ ነው። ምንቃሩ ቀይ፣ ጀርባው የደረቀ ሣር መልክ ያለው ነው። መምህሩ ጉሮሮው ሥር ያለችውን ከረጢት በምላጭ ከፈቱ፤ ያልጠነከረ የማሽላ ፍሬና በጣም ደቃቅ የሣር ዘር ተቀላቅለው ወጡ። የግሪሳ የዘወትር ቀለብ የዱር ሣር ዘር ነው፤ ወደ እህል የሚዞረው በተለይ የሣሩ ዘር ሲያልቅበት ነው።

አንዱ ግሪሳ በቀን ዐሥር ግራም ያህል ቢበላ፣ አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በቀን መቶ ኩንታል ይጨርሳል። ይህን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ስንሠራ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ አባቱ በማሽላ የሚያስተዳድሩት ልጅ፣ ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ «እንግዲያው ይኼንንም ጠብቁ ትሉናላችሁ?» አለ። መምህሩ፣ «እወቀው ነው የምልህ፤ ያላወቅኸውን ማሸነፍም መጠበቅም አትችልም» አሉት።

የግብርና ሠራተኛው ስለ ዘሩ አስረዳን። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት የአገሬው ማሽላዎች ቆይተው የሚደርሱ ናቸው። ዝናብ ሲያጥር ገበሬው ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ይፈልጋል፤ የራያዋን ጎብዬ ስም የያዘው ዘርም ከእነዚህ አንዱ ነው። ችግሩ፣ ዙሪያው ገና አረንጓዴ ሳለ ብቻውን የደረሰ ማሳ የወፍ ሁሉ ማዕድ መሆኑ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ አንድ ዓይነት ዘር ባንድ ሰሞን ቢዘራ ጉዳቱ ይከፋፈላል። ታኒን የበዛበትን ቀይ ማሽላ ደግሞ ወፍ እምብዛም አይደፍረውም፤ አፍ ያስራልና።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የዛሬው ውይይት ስለ ኬሚካል ርጭት ነበር። ግሪሳ በሚያድርበት ቦታ ፌንቲዮን የተባለ መድኃኒት አመሻሽ ላይ ከአውሮፕላን ይረጫል። ማሳው ሊጠፋበት ለተቃረበ ገበሬ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ማናችንም ተቃውሞ አልተናገርንም። ነገር ግን መርዙ ግሪሳን ከሌላው አይለይም። እዚያው ያደረ ሌላ ወፍ አብሮ ይሞታል፤ የሚንፈራፈረውን ግሪሳ የለቀመ ጭልፊትና ጉጉትም ይመረዛል። ለገበሬው ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሰውም የሞተ ግሪሳ ለቅሞ ከበላ ለአደጋ ይጋለጣል።

ሦስት ነገር ወሰንን። በየትምህርት ቤቱና በየእድሩ የሞተ ወፍ እንዳይለቀም እንናገራለን። ግሪሳ የሚያድርባቸውን ቦታዎች ከማማ ጠባቂዎች ጠይቀን እንመዘግባለን፤ ቦታው በትክክል ከታወቀ መድኃኒቱ ሰፊ መሬት ላይ አይፈስም። ከርጭት በኋላ የሞቱ ሌሎች ወፎች ከተገኙም ቆጥረን እናሳውቃለን።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አንበጣው ራያ ገብቷል። ዛሬ የወጣነው ባይናኩላር ይዘን ሳይሆን ቆርቆሮና ጅራፍ ይዘን ነው። ታጭዶ ያልተነሣ ጤፍ ያለው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ማሳው ላይ ነው፤ ጭስ፣ እልልታ፣ ኡኡታ፣ የጅራፍ ጩኸት ተደባልቋል። አንዱ አንበጣ የሚመዝነው ሁለት ግራም ቢሆን ነው፤ በቀን የሚበላውም የራሱን ክብደት ያህል ነው። ባንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ግን ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሊኖር ይችላል።

ከመንጋው በላይ ወፎቹ መጥተዋል። ንስሮች ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ ትንንሾቹ ጭልፊቶች አንበጣውን በእግራቸው ይቀልቡና እየበረሩ ይበሉታል። ሽመላዎች ከታረሰው መሬት ላይ በእርጋታ እየተራመዱ ይለቅማሉ። እንዲህ ያለውን መንጋ ወፍ ብቻውን አይጨርሰውም። ሆኖም መስከረም ላይ ያየናቸው እናት ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና «እነዚህስ ከኛ ጋር ናቸው» አሉ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ባለፈው ያየናቸው ትልልቅ ቡናማ ንስሮች ከመጽሐፉ ጋር ተገናዝበው የስቴፕ ንስር መሆናቸው ታወቀ። የሚፈለፈሉት በሩሲያና በካዛኪስታን ሜዳ ነው፤ የዚያን አገር ብርድ ሽሽት በቀይ ባሕር በኩል ወደኛ ይሻገራሉ። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መሥመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉ ወፎች ያልፋሉ። ቡልጋሪያ ላይ ምልክት የታሰረላቸው፣ ፊታቸው ቢጫ የሆነ ነጫጭ ጥንብ አንሳዎችም የሚከርሙት እዚሁ ከዞብል ማዶ ባለው በአፋር ምድር ጭምር ነው። ዝርያው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመዝግቧል፤ ከገዳዮቹ አንዱ ሽፋን የሌለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ተማሪዎቹ በመንገዳቸው ከየምሰሶው ሥር የሞተ ወፍ ካለ ለማየት ተከፋፍለዋል።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

አላማጣን አልፈን፣ ጠመዝማዛውን አቀበት ወጥተን፣ ኮረምን ተሻግረን አሸንጌ ሐይቅ ደረስን። ከቆቦ ሙቀት ተነሥቶ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የጠዋት ውርጭ መቀበል ቀላል አይደለም። በጥር የውኃ ወፎችን መቁጠር እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ዓለም አቀፍ ሥራ ነው። በአገራችን የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከዚያ ባንድ ዓመት ይቀድማል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎችን መዝግቦ ያሳተመው ማኅበር ነው፤ አሸንጌም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሐይቁ በጥቁር የውኃ ወፎች ተሞልቷል፤ ግንባራቸው ነጭ ነው። ከመካከላቸው ምንቃራቸው እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬዎች ውኃውን እያጠለሉ ይመገባሉ። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዐሥር ይቆጠራል፣ ዐሥሩ የያዘው ስፋት በዓይን ይለካል፣ በዚያ ልክ መንጋው ይሸነሸናል። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ይነጻጸራል። ከሁላችን ፈጥኖ የቆጠረው ያ የገበሬው ልጅ ነው። መምህሩ ከየት እንደተማረ ሲጠይቁት «ከማማ ላይ» አላቸው፤ የመጣውን መንጋ በዓይን መመጠን ከልጅነቱ ሥራው ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ የመጪውን ዓመት ዕቅድ ጨረስን። ማሽላው ወተት ሳይዝ፣ ገና ነሐሴ ላይ፣ ለየማማው አንድ ደብተርና እርሳስ እናደርሳለን። መጻፍ ለማይችሉት ተማሪዎቹ ይጽፉላቸዋል፤ የመጣው ወፍ፣ ሰዓቱ፣ ያደረበት ቦታ። የማማ ጠባቂዎቹም ከዛሬ ጀምሮ የቡድናችን ሙሉ አባላት ናቸው። የራያ ገበሬ ከወፍ ጋር ያለውን ጉዳይ ሳይጠይቁ ራያ ላይ ወፍ እጠብቃለሁ ማለት አይሆንም፤ ጉዳዩን የጠየቁትን ግን ከማንም በፊት ያስተምራቸዋል።