የአንኮበር ሞክሼ

አንኮበር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሸዋ ነገሥታት ይሮጣል። እኔን ግን ከደብረ ብርሃን ወደዚያ አፋፍ የምትጠራኝ አንዲት ትንሽ፣ ቡናማና ዝንጉርጉር ወፍ ናት። ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በ1979 ደግሞ እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን አሽ በአንኮበር ስም ሰየሟት። ምግቧ ከመሬት የምትለቅመው ዘር ነው። ኋላ በሰሜን ተራሮችም ታየች እንጂ ከኢትዮጵያ ውጪ አገር የላትም።

ታዲያ ተዳፋቱ ሲታረስ፣ ባሕር ዛፍ ሲለብስ ወዴት ትሰደድ? ገበሬውንስ «አትረስ» ማን ይበለው? እሱም የሚኖረው በዘር ነው። አፄ ምኒልክ አንኮበርን ለቀው ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ ገበሬውና ወፏ ግን ዛሬም ያችኑ አፋፍ ይሻማሉ።