ካርታውን አነበብኩ፣ ግድግዳውን አልነካሁም

«ቤቱን በአካል ተመልክቼ፣ ወድጄና አምኜበት ገዝቻለሁ» ይላል ውሉ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ገንዘቡ ግን የእትዬ ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ቤይሩት ከአሥር ዓመት በላይ የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ፣ ቡታጅራ ላይ የራሷ ቤት እንድገዛላት ውክልና ላከችልኝ። ያ ከፊርማዬ በላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው። ቤቱን አላየሁትም። ያየሁት ካርታውን ነው።

በወረቀቱ በኩል ማንም አይወቅሰኝም። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ዕዳና እገዳ አለበት ወይ፣ የግብሩ ደረሰኝ እስከ ዘንድሮ ተከፍሏል ወይ፣ የሻጩ ባለቤት ትፈርማለች ወይ፣ ሁሉንም አገላብጫለሁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ እንደሌለው የሚናገረውን የፍትሐ ብሔር ሕግ 2877ኛ አንቀጽ እንኳ ለደላላው በቃሌ ነግሬዋለሁ። ግቢውን በሜትር አስለክቼ ከካርታው ጋር አመሳክሬያለሁ። በካርታው ላይ የሰፈረው ግን መሬቱ ነው፤ በላዩ ላይ የቆመው ነገር በምን እንደቆመ ካርታ አይናገርም።

ጊዜው የ2016 መስቀል ነበር። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ተመሥርቶ፣ ቢሮዎች በየከተማው ሊከፋፈሉ ነው እየተባለ ቡታጅራም ወልቂጤም ደላላ የሚሮጥበት ሰሞን ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ካልያዙት ነገ የለም» ይለኛል የእኔው። እኔ ደግሞ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ እንደ ማንኛውም ጉራጌ አገሬ ገብቻለሁ፤ ጥድፊያው ሳይሆን ደስታው ነው ያዘናጋኝ።

በመስቀል ቤት ማየት ምን ማለት እንደሆነ የእኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ያልታደሰ ቤት የለም። የተሰነጠቀው ይመረጋል፣ ያልተቀባው ይቀባል፣ ደጁ ይጠረጋል። ስለዚህ ሳሎኑ ቀለም ቀለም ሲሸተኝ አልጠረጠርኩም፤ እንዲያውም «ሰውዬው በዓል አክባሪ ነው» አልኩ። ዞኮሎው ዙሪያውን በአዲስ ሲሚንቶ መለሰኑንም አይቻለሁ። ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው። ገና ስንገባ ክትፎ በጣባ ቀረበ፣ ቆጮው ተከተለ፣ አይቤው መጣ። አጉራሼን እጁ እንደተዘረጋ ትቼ ግድግዳውን ላንኳኳ? አልጋ ላስነሳ? ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ኮርኒስ ላስከፍት? ይሉኝታ ያዘኝ። የበላሁበትን ቤት መጠርጠር ነውር መሰለኝ። ቧንቧውን ከፍቼ ውሃ መኖሩን አየሁ፤ ያውም እጄን ስታጠብ ነው።

በዚያው ሳምንት ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ደወለ። የእትዬን ቤት ወሬ ሰምቶ «ኢንስፔክተሩ ምን አለ?» ሲለኝ ሳቅኩበት። እነሱ ዘንድ ገዢ ቀብድ ካስያዘ በኋላ እንኳ ፈታሽ ቀጥሮ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያስመረምራል፤ በውሉ ላይ ተጽፎ ከሆነ ጉድለት ሲገኝ ዋጋ ይቀነሳል፣ ወይም ገዢው ይተወዋል። የአሜሪካ ቤት ፈታሾች ማኅበር ራሱ በፈረንጆች 1976 የተቋቋመ ነው። «እዚህ ኢንስፔክተሩ እኔ ነኝ» ብዬ ዘጋሁት። በዚያች መልሴ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

እትዬ በሚያዝያ ገባች። ሐምሌ ላይ የእናታችንን ፎቶ ለመስቀል ሚስማር ስትመታ፣ ሚስማሩ በአንድ ምት እስከ አናቱ ሰመጠ። ስትነቅለው ቀዳዳው እንደ ቡና ዱቄት የደቀቀ ነገር አፈሰሰ። ሠፈሩ ውስጥ ያሉ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠሩ። እኔም ደረስኩ።

ሰውዬው የሠሩትን ልንገራችሁ፤ እኔ መሥራት የነበረብኝ እሱን ነውና። መጀመሪያ ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እያንኳኩ ዞሩ። አንዳንዱ ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፣ አንዳንዱ ጎድጓዳ። ከማዕዘኑ ቱንቢ ጣሉ፤ ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቶ ከታች አራት ጣት ራቀ። ከዚያ ካቻቢቴ አምጡ አሉ። ከዞኮሎው በላይ ልስኑን ፈልቀቅ አድርገው ካቻቢቴውን ወደ ቋሚው እንጨት ገፉት። አልመቱትም፣ ገፉት ብቻ ነው። እስከ እጀታው ገባ።

«ይሄ እኮ ጭቃ ቤት ነው» አሉ፣ «ብሎኬት ያስመሰሉት።»

ባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ የጭድ ጭቃ፣ በላዩ የሽቦ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ሲሚንቶ፣ በሲሚንቶው ላይ ቀለም። ከሥር ድንጋይ መሠረት የለም፤ እንጨቱ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተተክሏል። ምስጡ ከመሬት ተነስቶ በልስኑና በጭቃው መካከል፣ ማንም በማያየው በኩል፣ የአፈር መንገዱን እየሠራ ወጥቷል። አሸንዳ ስለሌለ የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ስለማያገኝ እንጨቱን እንዳራሰ ይከርማል፤ ለምስጥ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ስንጥቁ ይለሰናል፣ ይቀባል።

ጭቃ ቤትን ለመናቅ አይደለም። እኔ ያደግኩት በመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ በጀፎሮው ዳር በቆመ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው ጥድ ምሰሶ ነበረው፣ የምድጃው ጢስ ደግሞ ክዳኑን ሲያጥነው ይኖራል። አያቶቻችን እንጨት ይመርጡ ነበር። ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ቶሎ ስለሚደርስ ወደድነው፣ ምስጥም ወደደው። ጭቃ ቤት በድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመና ጣሪያው ወጣ ብሎ ከተከለለ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ጥፋቱ ሌላ ነገር መስሎ በሌላ ነገር ዋጋ መሸጡ ነው፤ ከዚያም በላይ፣ ገዢው ሳይጠይቅ መግዛቱ።

ሻጩን በሽማግሌ ጠየቅነው። «እኔ እንደገዛሁት ነው የሸጥኩት፤ ለበዓል አስውቤያለሁ፣ ይህም ወንጀል ከሆነ ፍረዱብኝ» አለ። አምነዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞረው «አይተህ አይደል የገዛኸው?» አሉኝ፤ ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ የሚያደርግበት መንገድ አለው፤ ግን ገዢም የገዛውን እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እኔ ያንን የ2877ን አንቀጽ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይህኛው ጋ አልደረስኩም ነበር። በጊዜው የነበረው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም አላዳነኝም። የእትዬን ዓይነት ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ከሁሉም ዝቅተኛ በሆነው ምድብ «ሀ» ያስቀምጠው ነበር፤ የህንፃ ሹሙም ይመለከት የነበረው የግንባታ ፈቃድን ነው እንጂ እኔ ክትፎ እየበላሁ የገዛሁትን አሮጌ ቤት አይደለም። ባንክ ለብድር ቤት ሲይዝ መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል። ቤቱን በባንክ ብድር ብገዛው ኖሮ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው እንኳ በዓይኑ ያየው ነበር።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ሁሉ እትዬ ታውቃለች። የማታውቀው አንድ ነገር ነበር።

ግድግዳው በተከፈተ ማግስት የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «መሐንዲስ አላሳየኸውም?» «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ የለም» አልኳት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ጉብሬ ካለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ የጎረቤታችን ልጅ ለመስቀል ወልቂጤ ከሚሠራበት መጥቶ ነበር። ቤት ልገዛ መሆኑን ሲሰማ «ጋሼ፣ ከፈለጉ ነገ ጠዋት አይቼልዎት ልሂድ» አለኝ። ትራንስፖርቱንና የቀን አበሉን ብቻ ነው የጠየቀው። «ልጄ፣ ቤት እኮ ነው፣ ድልድይ አይደለም» ብዬ አሳቅኩበት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ልጁም አብሮ ሳቀ። ለደላላው ሁለት በመቶውን ሳልከራከር የቆጠርኩ ሰው ለዚህ ልጅ አበል ሳሳሁ። ገንዘቡ ነው እንዳልል ገንዘቡ አይደለም። ለዘመድ ሁሉ «እኔ አለሁ» ብዬ ነበር፤ ትናንት በእቅፌ የነበረ ልጅ መጥቶ የእኔን ዓይን ሊያርም ነው ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነገርኳት። አቦሉን ቀድታ እስክትጨርስ አልመለሰችልኝም።

«ልጁ አሁንም ወልቂጤ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ደውልለት። ኩሽናውና የጓሮው ክፍል ገና አልተከፈቱም። አበሉን አንተ ነህ የምትከፍለው።»