የጣና ደንገልና የምስር ሰዎች

ደልጊ፣ መስከረም 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ዛሬ ከስድስተኛ ክፍል ጋር የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን ጀመርን። ካርታው ላይ ግብፅን አመለከትኩና «ስለዚች አገር የምታውቁትን ንገሩኝ» አልኳቸው። እጆች ተሽቀዳደሙ። «ጠላታችን ናት፣ ቲቸር!» «ውኃው የኔ ብቻ ነው ትላለች።» «የህዳሴ ግድባችንን በአውሮፕላን እመታለሁ ብላለች።» የቤተ ክህነት ትምህርት የሚማር አንድ ልጅ «እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት አገር ነው» አለ። አንዲት ልጅ «ፒራሚድ» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ የሚጨምር ጠፋ።

ያሉትን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ አንዱንም አልሰረዝኩም። ልጆቹ የነገሩኝ ቤትና ገበያ የሰሙትን ነው። ይሁንና አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወደ መቶ ሚሊዮን ስለሚጠጋ ሕዝብ የሚያውቀው ጠቡን ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። በመጽሐፍ የሚያገኘውም ዋና ከተማ፣ ወንዝና ጥጥ ነው፤ በዚህ ደግሞ ሰው አይታወቅም። ስለዚህ እስከ ኅዳር ድረስ ከክፍለ ጊዜዬ እየቆጠብኩ ስለ ግብፅ ሰዎች ላስተምር ቆርጫለሁ፤ ዘመን እንዴት እንደሚቆጥሩ፣ አባቶቻቸው በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር።

ጥቅምት 4

ልጆቹ ከሚያውቁት መነሣት ስለነበረብኝ በቀን መቁጠሪያ ጀመርኩ። በሰሌዳው ግራ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ብዬ ጻፍኩ። በቀኙ የግብፅ ክርስቲያኖች፣ ቅብጦቹ፣ የሚጠሩበትን ቱት፣ ባባ፣ ሃቱር፣ ኪያክ አደረግኩ። እነሱም እንደኛ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮች አሏቸው፤ እንደኛ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛ ወርም አለቻቸው። አዲስ ዓመታቸው የሚብተው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። የሚለየን የዓመቱ ቁጥር ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ክርስቲያኖችን ያሳደደው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ዓመት ጀምሮ ስለሆነ የኛ 2012 የእነሱ 1736 ነው።

ወዲያው ሂሳብ ተጀመረ። ልዩነቱ 276 ሆነ። «የሚመጣው ዓመትስ?» «እኔ የተወለድኩበትስ?» እያሉ ደብተራቸውን ሞሉት፤ በየትኛውም ዓመት 276 ነው። ከፊት የምትቀመጠዋ ልጅ «ታዲያ በእንቁጣጣሽ ምን ይበላሉ?» አለችኝ። ቀይ ተምርና ዘይቱን እንደሚበሉ፣ የተምሩ ቅላት የሰማዕታቱን ደም እንደሚያስታውሳቸው ነገርኳት። ሙስሊሙ የግብፅ ገበሬም ለዘርና ለአጨዳ በእነዚሁ ወሮች ሲጠቀም መኖሩን ጨመርኩ። የአባቱን እርሻ የሚያግዝ ልጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ጥቅምት 12

ትናንት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ስለ ግድቡ የተናገሩት ዛሬ ከተማውን ሞልቶት ዋለ። ልጆቹም ይዘውት መጡ። ክርክሩን ከክፍል ላስወጣው አልፈለግኩም። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ ለሁለት ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ እንዳልተጠራች በግልጽ ነገርኳቸው። ያ ፍትሕ አልነበረም። ስለ ግብፅ ቅርስ የሚማር ልጅ የአገሩን መብት ይረሳል የሚል ሰው ካለ ወደ ክፍሌ ይምጣና ይስማቸው።

ቀጥሎ የግብፆቹ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አሳየኋቸው። ካይሮ ላይ ዝናብ ከስንት አንዴ ነው የሚጥለው። ከተማው የሚጠጣው፣ ገበሬው የሚያጠጣው ከአንድ ወንዝ ነው። በሮዳ ደሴት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ መሐሉ የድንጋይ ዓምድ የቆመበት ጉድጓድ አለ። ዓምዱ በክንድ በክንድ ተሰምሯል። በዱሮ ጊዜ ጎርፉ ሲመጣ ውኃው ስንት ክንድ እንደሞላ ይታይበት ነበር፤ 16 ክንድ ሲደርስ አገሩ ጥጋብ ነበር፣ ብዙ ከጎደለ ረኃብ ነበር። የግብሩም ልክ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ያንን ጎርፍ ይሞላው የነበረው የኛው የደጋው ክረምት ነው፤ ጥቁሩ አፈር የኛ ነው።

ከትምህርት በኋላ ወደ ወደቡ ወርደን እንጨት ተከልን። በክንድ እንለካው ሲባል ግን ጠብ ተነሣ፤ የረጅሙ ልጅ ክንድና የትንሿ ልጅ ክንድ አልገጠመም። «የማን ክንድ ይሁን?» የጥንት ግብፆችም ይኸው ቸግሯቸው የንጉሥ ክንድ ብለው ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ አንድ ልክ እንዳጸኑ ነገርኳቸው። ተማክረው የክፍል አለቃዋን ክንድ መረጡ። እንጨቱን በቢላዋ ቆረጥ ቆረጥ አድርገው ውኃው የደረሰበት ላይ ቀይ ክር አሰሩበት።

ጥቅምት 20

ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ በቀለም ያተመልኝ ፎቶ በጀልባ ደረሰኝ። ግብፅ ውስጥ ሳቃራ በሚባለው መቃብር ስፍራ ያለ፣ ከ4,400 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሹም የቲ መቃብር ግድግዳ ነው። በድንጋዩ ላይ ደንገል እንደ ጫካ ቆሟል። ሰዎች በደንገል ታንኳ ላይ ሆነው ገመድ ባለው ጦር ጉማሬ ይወጋሉ፤ ሹሙ በሌላ ታንኳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያል።

ፎቶውን ከወንበር ወንበር አሳለፍኩት። ምንም ሳልናገር «የኛ ታንኳ ነው!» የሚል ድምፅ ከመሐል ወጣ። ያ የቤተ ክህነት ተማሪ ደግሞ ሙሴ በሕፃንነቱ የተጣለበት ሣጥን የደንገል እንደነበር አስታወሰን። እኔ ለማስረዳት ያዘጋጀሁትን ግማሹን ልጆቹ ራሳቸው ጨረሱት።

ከመስኮቱ ጥግ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ፎቶውን ከሁሉም አስበልጦ ያዘው። አያቱ ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ነገደ ወይጦ ናቸው። በዚህ ባሕር ዳርቻ ወይጦን ስንት ዘመን ስንንቅ፣ አብረን አንበላም ስንል እንደኖርን ሁላችንም እናውቃለን። የሚነቀፉበትም አንዱ ነገር አባቶቻቸው ጉማሬ ማደናቸው ነው። በዓለም የታወቀው የቲ ግድግዳ የሚያሳየው ያንኑ ሥራ ነው። ልጁን «አያትህ ያስተምሩናል?» አልኩት። አንገቱን አቀርቅሮ «እጠይቃቸዋለሁ» አለ።

ጥቅምት 25

ሽማግሌው እሺ ብለውናል። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ የተሰጣበት ድረስ ሄድን። «እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ፣ ዙሪያውን ተቀመጡ» አሉን። እርጥቡን ደንገል ከደረቁ ጋር አስነኳቸው፤ ሲደርቅ እንደሚቀል ልጆቹ በእጃቸው መዘኑት። ነዶውን በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን ሲስቡ ደንገሉ ይጮኻል። «እዚህ ላይ ከላላ ባሕር ላይ ይፈታል» እያሉ ቋጠሮውን ለእያንዳንዱ ልጅ አስሞከሩ። ከዓሣ ሲመለሱ ታንኳዋን ወደ ዳር አውጥተው የሚያቆሟት ውኃውን እንድትተፋ ነው፤ ውኃ የጠጣች ታንኳ ትከብዳለች፣ ቶሎም ትበሰብሳለች።

የቲን ፎቶ ስሰጣቸው ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ጦረኞቹ አቋቋም ነበር። «እግሩን ለይቶ የቆመውን አየሽ ልጄ? ታንኳ ላይ እንዲህ ካልቆሙ ይገለበጣል። ይሄን የሣለው ሰው ባሕር ያውቃል።» ቀጥለውም የጦሩን ገመድ በጣታቸው እየተከተሉ አያታቸው በዚሁ ዓይነት ያድኑ እንደነበር፣ የጥንት አባቶቻቸውም ዓባይን ተከትለው ከምስር፣ ማለትም ከግብፅ፣ በኩል መጡ ሲባል መስማታቸውን ነገሩን። ይህ ትውፊት ነው፤ ለልጆቹም በትውፊትነቱ አስተላለፍኩላቸው።

ስንመለስ የልጅ ልጃቸው በጓደኞቹ ተከቦ ነበር። ቋጠሮውን እንደገና እንዲያሳያቸው ይለምኑታል።

ኅዳር 2

የዛሬው የቶር ሄየርዳል ታሪክ ነበር። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ወይ ብሎ ተነሣ። በግብፅ ዓባይ ዳር ግን ያ ሁሉ ደንገል ጠፍቶ ነበር። ያገኘው እዚህ ጣና ላይ ነው። ወደ 12 ቶን የሚሆን የጣና ደንገል ታጭዶ ወደ ቀይ ባሕር፣ ከዚያም ወደ ግብፅ ተጓዘ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎችም በፒራሚዶቹ አጠገብ ጀልባውን አሰሩት። ስሙን «ራ» አሉት።

«ራ» በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ኋላው እየሰመጠ ሄደና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተተወ። ምክንያቱ ልጆቹን በጣም ማረካቸው። በጥንቱ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የጀልባው ጅራት ወደ መሐሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። የዘመናችን ሰዎች አገልግሎቱን ልብ ሳይሉት ቀሩ፤ ለካ ጅራቱን ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው፣ ከማዕበሉ ጋር እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው እሱ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ 2»ን ሠሩ። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ይህ ሁሉ ግብፆች በእርግጥ ተሻግረዋል ማለት እንዳልሆነ፣ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ብቻ የሚያሳይ መሆኑንም ሳልነግራቸው አላለፍኩም።

በጀልባዎቹ ከተጓዙት መካከል ኖርዌጂያዊ፣ ሩሲያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ጣሊያናዊ፣ ሜክሲኳዊና ግብፃዊ ነበሩ። ልጆቹ አምስት አገሮችን ካርታው ላይ አልፈው ጣታቸውን ያሳረፉት ግብፃዊው ላይ ነው። «በኛ ደንገል ላይ ተቀምጦ ሄደ ማለት ነው?» አዎን፣ እንደሱ ማለት ነው።

ኅዳር 8

የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ዘመነ ጽጌ ተፈጸመ፤ ከትናንት በስቲያ የቁስቋም በዓል ነበር። ጎንደር ያለችውን የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ልጆቹ ያውቃሉ። ስሟ የመጣበት ደብረ ቁስቋም ግብፅ ውስጥ መሆኑን፣ እዚያም ዛሬ ድረስ መነኮሳት ያሉበት ገዳም መኖሩን ሲሰሙ ተገረሙ። ጣና ቂርቆስም የስደቱ ማረፊያ ነበር የሚለውን ትውፊት ራሳቸው ጨመሩ። ከግብፅ ጳጳስ እየመጣልን እንደኖርንና በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እንደሆኑም ተናገርን።

ሙስሊሞቹ ልጆች «የኛስ?» ሳይሉኝ ቀድሜ የእስልምና ትምህርት ማዕከሉን አል-አዝሃርን አመጣሁ። በካይሮው አል-አዝሃር ከኢትዮጵያ ምድር ለሚሄዱ ደረሶች የተለየ ማደሪያ፣ የጀበርቲ ሪዋቅ፣ ነበር። ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጉ ከእነዚሁ ጀበርቲዎች ነው። አንዲት ልጅ ስሙን ሳትሳሳት ደብተሯ ላይ ለመጻፍ ሦስቴ አስደገመችኝ።

ኅዳር 22

የአንድ ተማሪ አባት መንገድ ላይ አስቁመውኝ «መምህር፣ ልጆቻችን የራሳቸውን ሳያውቁ የሰው አገር ታስተምሪያለሽ አሉ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ አሳስቧቸው ነው። ልጅዎ ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር የተማረው በዚሁ ትምህርት ነው አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ልጁን ጠርተው ጠየቁት። እሱም ነዶውን፣ ገመዱን፣ ቋጠሮውን ተራ በተራ ነገራቸው።

በወደቡ እንጨት ላይ ውኃው ከቀዩ ክር ዝቅ ብሏል። ልጆቹ በየሳምንቱ እየወረዱ ይመዘግባሉ። ከዚህ በኋላ የአስዋንን ግድብ እናነሣለን፤ የአቡ ሲምበል መቅደስ እየተቆረጠ ከውኃው በላይ የተተከለበትን፣ የኑቢያ ሰዎችም ከቀያቸው የተነሡበትን። ግድብ ማን ላይ ምን እንደሚያመጣ የኛም ልጆች ማሰብ አለባቸው።

በጣና ዙሪያ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ በጎርጎራም በቁንዝላም በዘጌም ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ግብፅ ደንገሏን በማጣቷ «ራ» በኛ ደንገል ተሠራ፤ በኛም ዳርቻ እርሻው ወደ ውኃው እየገፋ ነው፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል የእምቦጭ አረም ተንሰራፍቷል። ታንኳ የሚያስሩ ሽማግሌዎች በየሰፈራችሁ ዛሬም አሉ። ስለ ሩቅ አገር ስታስተምሩ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ እነሱ ውረዱ፤ ከተማሪዎቻችሁ መካከል የእነሱ የልጅ ልጅ ካለም ፊት አስቀምጡት።