የአጎቴ ሳክስፎን ስንት ያወጣል?

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። የአጎቴ ልጅ ከአጋሮ ደውሎ፣ "አንተ አዲስ አበባ እየኖርክ የሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ የሚያውቅ ሰው አታጣም መቼም! የአባዬ ሳክስፎን ሴልመር ነው እየተባለ ነው" አለኝ። "ማን አለ?" ብለው ደላላ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከደላላው ቀብድ ተቀብሏል፤ በሐሳቡም ባጃጅ ገዝቶ አጋሮን እየዞረባት ነው።

ደላላው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የፓሪሱ ሴልመር እ.ኤ.አ. በ1954 መሥራት የጀመረው ማርክ ሲክስ የሚባል ሳክስፎን ዛሬም በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ችግሩ አሮጌ ሳክስፎን ሁሉ ማርክ ሲክስ አለመሆኑ ነው። እርጅና ብቻውን ዋጋ ቢሆን ኖሮማ የስንቱ ጎረቤታችን ጎጆ ሚሊዮን ባወጣ!

እኔም ትንሽ አነበብኩ፣ የሚነፉ ወዳጆቼን ጠየቅኩ፣ ከዚያ ጅማ ገብቼ በበደሌ መንገድ አጋሮ ደረስኩ። ኅዳር ነበር፤ በየግቢው ቡና ተሰጥቷል።

አጎቴ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ከአልጋ ሥር በጆንያ የተጠቀለለውን መሣሪያ አወጡት። ሚስታቸው ለእንግዳ እንዲያምር በሎሚና በአመድ ሊፈትጉት ሲሉ "ኧረ እትዬ፣ ይተዉት!" ብዬ ጮህኩ። ሲፈተግ የፋብሪካው ቫርኒሽና የተቀረጸው ጽሑፍ ይለቃል። ተፍቆ እንደ አዲስ ከተቀባ ሳክስፎን ይልቅ እንዳረጀ የተቀመጠው ይሻላል።

ምርመራችንን ጀመርን። መጀመሪያ የሚታየው ሰፊው አፉ ላይ የተቀረጸው ስም ነው። የእኛው "ቬልትክላንግ" ይላል፤ በጀርመንኛ "የዓለም ድምፅ" እንደማለት። ቀጥሎ ጀርባው፣ የቀኝ አውራ ጣት ከምታርፍበት መንጠቆ ሥር፣ የፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር አለ። እዚያው አካባቢ የሀገሩ ማኅተም ተመትቷል፤ ምሥራቅ ጀርመን። ይህች ሀገር የኖረችው እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ነው፤ ስለዚህ ሳክስፎኑ የተሠራው በእነዚያ ዓመታት መካከል ነው ማለት ነው። በደህና ጊዜው ጠንካራ ዕቃ ነበር፤ ውጭ አገር ግን በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል።

ሲመሽ መብራት አጥፍተን ትንሽ ባትሪ ሆዱ ውስጥ ሰደድን። ቁልፎቹ ተዘግተው ብርሃን ከሾለከ አየርም ይሾልካል። የእኛው እንደ ወንፊት አበራ። ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት የቆዳ ክዳኖች ደርቀዋል፤ ሁለቱን አጎቴ በጎማ ቁራጭ ተክተዋቸዋል። ሁሉንም ማስቀየር ሳክስፎኑ ከሚያወጣው በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

አጎቴ ሳቁ። "እንደ ቡናው ነዋ! ቀማሽ ጆንያውን አይቶ ደረጃ አይሰጥም። ጥሬውን አይቶ፣ ቆልቶ፣ ቀምሶ ነው" አሉ። ልጁ አልሳቀም።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከፋብሪካው ቁጥር ራቅ ብሎ በምስማር የተጫረ ሌላ ቁጥር አየሁ፤ "ን.ቁ." ይላል፤ የንብረት ቁጥር። ቤቱ ጸጥ አለ።

"የቡድኑ ነው" አሉ አጎቴ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ የሚረከባቸው ጠፋ። "አስቀመጥኩት እንጂ አልወሰድኩትም። ለዚህ ነው የማልሸጠው።"

ልጁ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው መሆኑን ከፊቱ አወቅኩ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔም ያሰብኩት ስለ ስምና ስለ ዋጋ ብቻ ነበር። ግን ናስ መሣሪያ በሀገራችን በአብዛኛው የተስፋፋው በመንግሥት ባንዶች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች የመንግሥት ባንድ ሆኑ። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያም የማዘጋጃ ቤት፣ የቴያትር ቤትና የፖሊስ ባንዶች ሰው ነበር። እናም ወዳጄ፣ አያትህ ቤት አሮጌ ሳክስፎን ካገኘህ የፋብሪካውን ቁጥር ብቻ አትፈልግ፤ በምስማር የተጫረም ፈልግ። የመጀመሪያው ስንት እንደሚያወጣ ይነግርሃል፤ ሁለተኛው ደግሞ የማን እንደሆነ።

አጎቴ ግን የጠየቁኝ ሌላ ነበር፤ "ይጮኻል ወይ?" ክሩን አጠበቁና ነፉት። የታችኞቹ ድምፆች እምቢ አሉ፤ አየር ሲሾልክ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የላዮቹ ግን ወጡ፤ ሻከር ብለው። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ።

በማግሥቱ ልጁ የደላላውን ቀብድ ሲቆጥር አገኘሁት። ሁለት ሺህ ብር ጎድሎታል፤ በልቶታል። አጎቴ አንድም ነገር ሳይናገሩ ከቡናው ሽያጭ ሞሉለት። ሳክስፎኑም ወደ ጆንያው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን ወደ አልጋው ሥር ያስገባው ልጁ ነው፤ ከመጠቅለሉ በፊትም ሁለቱን ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ጻፋቸው።