ከሐርቡ እስከ ቦሩ ሜዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከሚሴንና ሐርቡን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲቃረብ፥ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሞቃት ሜዳ ይቀበለዋል። ከዚያም መንገዱ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠችውን ደሴን ያገኛታል።

የዚህን አገር ሕዝብ ማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የቦታውን ስም ይመርምር። አገሩ በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ኦሮሞች መጥተው ከሰፈሩበት በኋላ ግን የነገዳቸው ስም ወሎ የአገሩ መጠሪያ ሆነ። ወረሂመኖ፥ ወረባቦ፥ ለጋምቦ፥ ለጋሂዳ የሚሉት ስሞች ከኦሮምኛ የተገኙ ናቸው፤ «ወረ» ቤተ ሰብ፥ «ለጋ» ወንዝ ማለት ነውና። ኮምቦልቻም በኦሮምኛ የዛፍ ስም ነው። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከደሴ ነዋሪዎች ከመቶው ከ92 የሚበልጡት አማራ ተብለው ተጽፈዋል። መዝገቡ አንድ ስም ሲጽፍ ምድሩ የሁለት ወገን አያቶችን ይጠራል።

የሃይማኖቱም ነገር እንዲሁ ነው። በዚያው ቈጠራ ከደሴ ሕዝብ ከመቶው 58 ያህሉ ሙስሊሞች፥ 40 ያህሉ ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ። የአባቱ ወይም የአያቱ ስም መሐመድ የሆነ ክርስቲያን ማግኘት በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ሠርግ በሆነ ጊዜ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፤ ማዕዱ ይለያል እንጂ ደስታው አይለይም። ጠብ በተነሣም ጊዜ አባጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ።

ነገር ግን ይህ አብሮ መኖር ያለ ሕመም የተገኘ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ፥ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የቤተ ክርስቲያንን ክርክር ካስቈረጡ በኋላ፥ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ነግሠው ከደሴ ሆነው ወሎን ገዙ። ሼኽ ጦልሐን የመሰሉት ግን እምቢ ብለው ተዋጉ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ። ከዚህ የምንማረው፥ ጥምቀት በፈቃድ የሚቀበሉት ጸጋ እንጂ በዐዋጅ የሚጫን ቀንበር አለመሆኑን ነው። ንጉሡ ካዘዙት ይልቅ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በቡናና በለቅሶ ያጸናው ሰላም ረዥም ዕድሜ አግኝቷል።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን እስከ ሰባት ትውልድ አያቶቻቸውን ስታስቈጥሩ፥ በመካከል አንድ አሊ ወይም አንድ የኦሮሞ ስም ቢገኝ ዘላችሁ አትለፉት። ስሙን የደበቁበት ልጅ ነገ ያንኑ ስም የያዘውን ጎረቤቱን እንደ ባዕድ ያየዋል፤ የነገሩት ልጅ ግን ዘመዱ መሆኑን ያውቃል።