ልጅን ከራስ አርቆ ስለ መስደድ

ልጅን ከሞት ለማዳን ከራስ ማራቅ ቀላል ነገር አይደለም። በሰሎሞን ፊት የቆመችው እውነተኛይቱ እናት ልጇ በሕይወት ይኖር ዘንድ ለሌላይቱ ይሰጥ ብላ ነበር፤ ይህንም ፍቅር ካህናትም ምእመናንም ሁላችን እናደንቃለን። ነገር ግን ልጁ በዚያች ሰዓት ምን እንደ ተሰማው መጽሐፉ አልነገረንም፤ ሕፃን ነበርና። እኔ ግን ከገዛ ልጄ አፍ ሰምቼዋለሁ።

በ1983 ዓ.ም. በግንቦት ወር ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ጊዜ፥ የሰባት ዓመት ሴት ልጄን ከአክስቷ ጋር በአውቶቡስ ወደ አርሲ ገጠር፥ ወደ እናቴ ሰደድኋት። እኔና እናቷ ቤታችንን ልንጠብቅ ቀረን። ምናልባት ከአክስቷ ብትለያይ ብለን ስሟንና የአያቷን አገር በወረቀት ጽፈን በቀሚሷ ውስጥ ሰፋንላት። እኔም አውቶቡሱ ሳይነሣ ፊቴን መልሼ ሄድሁ።

ኋላ የእንግሊዝን ልጆች ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ቀን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፥ የእንግሊዝ መንግሥት የታላላቅ ከተሞችን ልጆች ወደ ገጠር ማውጣት ጀመረ። በጥቂት ቀን ውስጥ 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ተጓዘ፤ ከዚህም ከ800 ሺህ የሚበልጡት ከወላጆቻቸው ተለይተው ከመምህሮቻቸው ጋር የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ልጁ ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት በልብሱ ላይ ታስሮለት፥ የመርዝ ጢስ መከላከያውን በካርቶን ሣጥን አንግቦ በባቡር ይሳፈር ነበር። በደረሱም ጊዜ በብዙ ስፍራ ባላገሩ መጥቶ የወደደውን ልጅ መርጦ ይወስድ ነበር፤ መንግሥትም ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ይከፍል ነበር። ሳይመረጥ እስከ መጨረሻ የቆመው ልጅ ኀዘን ግን በሽልንግ የሚቈጠር አልነበረም።

ወራት አልፈው ቦምብ ባለ መውደቁ ብዙ ወላጆች በ1940 መጀመሪያ ልጆቻቸውን መለሱ፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ግን የጀርመን አውሮፕላኖች ሎንዶንን ሌሊት በሌሊት ይደበድቡ ጀመር። እኔም ግንቦት 20 ቀን ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ ልጄን ላመጣ ስሰናዳ፥ ግንቦት 27 ቀን የጥይት መጋዘን ፈንድቶ አዲስ አበባን አናወጣት። ስለዚህ እስከ መስከረም አቈየኋት።

በተመለሰች ጊዜ ወፍራ፥ በፀሐይም ጠቍራ ነበር፤ ነገር ግን ከአክስቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጋ እንደ እንግዳ ሰው ተመለከተችኝ። የሕፃናትን ጠባይ ትመረምር የነበረችው አና ፍሮይድ፥ በዚያ ጦርነት ዘመን ከባልንጀራዋ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር በሎንዶን የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍታ ስትመለከት፥ ብዙዎቹን ከቦምቡ ይልቅ ከእናት መለየት እንደ ጐዳቸው ጽፋለች።

ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አንድ ቀን፥ «ያን ጊዜ ጠመንጃው አስፈርቶሽ ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አይደለም አባባ፤ ዘወር ብለው አላዩኝም» አለችኝ።

ፊቴን የመለስሁት እንባዬን እንዳታይ ነበር፤ ይህንም የነገርኋት ገና ያን ዕለት ነው። መስደዴ ስሕተት ነበር አልልም፤ ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ አደርጋለሁ። ነገር ግን ልጁን የሚሰድድ አባት ሁሉ እንባውን ሳይሸሽግ፥ አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ ቆሞ ይሸኝ።